ሚዛን ባለቤት አይጠይቅም

አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤
ፖርቶ ነው፤ ደረጃው ሁለት ሰው አያሳልፍም።
ግራ ትከሻዬን ግድግዳው ልጦታል፤
ቀኙን ጆንያው ይዞታል።

«እስከ አፉ አትሙላው» ይለኛል አዴሊኖ፣ አለቃዬ፤
«ሙሉ ጆንያ ነው የበላው ወገቤን ከነዕድሜዬ።»
ሃያ ሦስት ግማሽ ጆንያ ወረደ እስከ ምሳ፤
ሴራሚክ፣ የረጠበ ልስን፣ የዛገ ቱቦ ሬሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የወይዘሮ ኤቴልቪና መታጠቢያ ቤት
ሲያለቅስ ኖሯል በስውር፣ ከሥር ባለው የጥርስ ሐኪም አናት፤
ደብዳቤ ቀደመ፤ ጠበቃ ተከተለ፤
ከዚያ አዴሊኖ መጣ፣ መዶሻ እንዳንጠለጠለ።

አሁን የቀረው ገንዳው ነው፤
እግሩ የአንበሳ፣ ሆዱ የጉማሬ፣ ብረት ያበጀው።
አዴሊኖ ሜትሩን ሳበ፤ በሩን ለካ፣ ደረጃውን ለካ፣
«ታዲያ እንዴት ገባ?» አለ፣ ገንዳውን በእግሩ እየነካካ።

«በመስኮት» አሉ። «ዠርማኖ፣ በገመድ ጎትቶ፣
አራት የወደብ ጫኝ አውራጅ በወይን ጠጅ ሸንግሎ አምጥቶ።
ያኔ መስኮቱ ሰፊ ነበር፤
ባሌም ሰፊ ነበር።»

የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። መዶሻዬን ከኋላዬ ደበቅሁ፤
ሰው ከዕቃው ሲለይ ያለቅሳል፤ እኔም እሱን ጠበቅሁ።

«በየካቲት» አሉ፣ «ከወንዝ ያመጣል ያን እባብ መሳይ ዓሣ፣
ከነነፍሱ ይለቀዋል እዚህ፤ እስከ እሑድ አይነሣ።
እኔ ፎጣዬን ይዤ በር ላይ፣ እሱ ውስጥ ተንፈላስሶ፤
ሃምሳ ዓመት ወረፋ ለዓሣ!» አሉ፣ እጃቸው ጠርዙን ዳስሶ።
«ስበሩት።»

የመጀመሪያው ምት አልሰበረውም፤ አስጮኸው እንጂ፣ እንደ ደወል፣
ከታች የጥርስ ሐኪሙ መሰርሰሪያ እንኳ ዝም እስኪል።
በሁለተኛው ማዶ ሰገነት ላይ አንዲት አሮጊት አማተቡ፤
ሰዓቱ የጸሎት አይደለም፤ ምን ሊሆን እንደሚችል አሰቡ፤
«ማን ሞተ?» ብለው ተጣሩ፣ ለዳቦ ቤቱ ልጅ፤
እሱም አያውቅ፣ ጠየቀ የሚቀጥለውን ደጅ።
በዘጠነኛው ተሰነጠቀ። ውስጡ ግራጫ፣ ሻካራ፤
ጆሮዬ ውስጥ ግን ደወሉ እስከ ማታ አልጠራ።

ኮንቴይነሩ የተፈቀደው ለሁለት ቀን ነበር፣
የከተማው ማኅተም ተለጥፎበት፣ ከመንገዱ ዳር።
ማታ ሸራ አለበስነው፤ ጠዋት ሸራው የለም፤
የናስ ቧንቧውም የለም።
በምትኩ ፍራሽ ተኝቶበታል፣ ምንጩ ያልታወቀ፤
እግር የለሽ ወንበር፣ ክዳኑ የወለቀ
የቀለም ቆርቆሮ። ሰፈሩ ሌሊቱን ሲሰጥ ሲቀበል አደረ፤
ዝናብም ሳይጠራ መጣና የድርሻውን ጨመረ።

ብረቱን ቆራሌ ወሰደው፤ ቆራሌ የሌለበት ከተማ የለም፤
አሥራ ዘጠኝ ዩሮ ሰጠ፤ አልተከራከርነውም።
የቀረውን ጫንን። ከከተማው ውጭ ሚዛን አለ፣
መኪና እንዳለ የሚያቆም።
ሲገቡ ይመዘናል፣ ሲወጡ ይመዘናል፤ በመካከሉ የጎደለው
የወይዘሮ ኤቴልቪና ቤት ነው።
(እኔ አፍንጫዬን በተናፈጥሁ ቁጥር ነጭ ዱቄት ይወጣል፤
መሐረቤ ላይ የሰው መታጠቢያ ቤት፣ ሳይመዘን፣ ተበትኗል።)

«ቅልቅል ፍርስራሽ፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ኪሎ» ይላል ወረቀቱ።
መነጽራቸውን አድርገው ቆሙ፣ ከቁጥሩ ፊት ለፊቱ።
«ፍራሹ የእኔ አይደለም።»
«አይደለም።»
«ወንበሩም።»
«ወንበሩም።»
«ዝናቡንስ መዝነውታል?»
አዴሊኖ ኮፍያውን አወለቀ። «እመቤቴ፣
ሚዛን ባለቤት አይጠይቅም።»

ከፈሉ። የብረቱን ዩሮ ጨምረው፣ ሳንቲም ሳያጎድሉ፤
አዲሱን ሻወር ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱ፤ ምንም አላሉ።
ይሄኔ ከወጥ ቤት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከሬዲዮው ጎን ያልተነሡ፣
የከሱ፣ ብርድ ልብስ የለበሱ፣
አንድ ሽማግሌ ሳል ሳል አድርገው ድምፃቸውን አነሡ፦
«ኤቴልቪና፣ የካቲት መጣ እኮ፤
ዓሣውን የት ላድርገው?»