ኩታበር ላይ ጎማ ሲተነፍስ

በልግ አልጣለም ገና፤ የካቲት ነው ወሩ፤
ኩታበርን ሳንርቅ ቅጥቅጡ ቆመ፤ የኋላው ጎማ ወጣለት አየሩ።
"ውረዱ!" አለ ረዳቱ፤
ወረድን እያጉረመረምን፣ እንደ ልማዳችን፣ ሁሉም በየፊቱ።

እኔ ደሴ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለብኝ፤
ወንድሜ ይመር ነው፣ በአንድ ክንድ ድንበር፣ አራት ዓመት ሙሉ የሚያመላልሰኝ።
በብብቴ ፋይል፣ በሆዴ ነገር፣
ሰዓቴን እያየሁ ስነጫነጭ ነበር።

ያኔ ነው ያየኋት።

ከድንጋይ ካቡ ወዲያ አንዲት የኮክ ዛፍ፣
ቅጠል ሳትጀምር፣ አበባ ሞልቷታል ከአፍ እስከ ገደፍ።
ነጭ አልላት ነጭ፣ ቀይ አልላት ቀይ፤
ብርድ የነካው የሕፃን ጉንጭ፤ ቀለሙ ስም አለው? ወጥቶለታል ወይ?

ዶሮ ይዛ ለገበያ የወጣችው ሽበሽ እጇን ረሳች፤ ዶሮው ካብ ላይ ሰፈረ፤
ሲያወራ የመጣው ነጋዴ አፉን ሳይዘጋ ቀረ።
ስልኩን ያወጣ ወጣት መልሶ ከተተው፤
"በዚህ አይመጣም" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ጦይባ፣ የቤቱ እመቤት፣ ብቅ አለች ካቡ ጋ፤
"በዓይን ብቻ! ያ ጀመዓ፣ እጅ አይዘርጋ።
ሦስት ሌሊት ኩበት ለኩሼ፣ ከውርጭ ጋር ታግዬ፣
እንደ አራስ ጠብቄያት ነው፣ እንቅልፌን ጥዬ።"
ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
"ግማሿ ካቡን ተሻግራ ጎረቤት ላይ ታብባለች፤
ምን ልበላት? ዛፍ ናት፤ መሬቱ የማን እንደሆነ የት ታውቃለች?"

ፋይሌን ከብብት ወደ ብብት አዛወርኩ።
ምንም አልተናገርኩ።

ሾፌሩ ክላክስ ነፋ። አንድ ሰው አልሄደ።
ደግሞ ነፋ። ከቦሩ በኩል ነፋስ መጣና ጥቂት አበባ ወረደ፤
በሽበሽ ነጠላ፣ በሽማግሌው ጥምጣም፣ በእኔ ወረቀት፤
አላራገፍነውም። ቆምን። እንደ ጸሎት ልበል? አይ፤ ዝም ብሎ እንደ ቆመ ሰው፣ ለትንሽ ሰዓት።

ደሴ ስደርስ ረፍዷል። ጸሐፊዋ ፋይሉን ገልጣ
የኮክ አበባ አገኘች፣ ከይዞታ ካርታው ላይ የተሰጣ።
"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለችኝ።
ማስረጃ ነው ልላት ነበር፤
አፌ ላይ ደርሶ ነበር።
"ኮክ ነው" አልኳት።
ቀጠሮው ለግንቦት ተዛወረ።

ይመር በሩ ላይ ቆሟል፤ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዓይኔን ሸሽቶ፣
"ምን አግኝቶህ ቆየህ?" አለኝ፣ አራት ዓመት ዝም ብሎ ሰንብቶ።
"ኮክ አብቦ" አልኩት።
"የት?" አለኝ።