ጭረት

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ውሃ የመጣ ዕለት ባልዲ ስደረድር፣
«ዕቃ አለዎት» ብለው ከፖስታ ቤት ደወሉ።
በባጃጅ፣ በሁለት ሚኒባስ ለገሃር ወረድኩ፤
ለገዛ ጣቶቼ ሥራ
ሰባት መቶ ሰማንያ ብር ቀረጥ ከፈልኩ።

ካርቶኑን ቀደድኩት በቢላ።
ሸክላ ነው። አዲስ ሸክላ።
ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሰው ጣት ያልነካው።
ሽፋኑ ላይ አራታችን ቆመናል፣
ጠጉራችን አፍሮ፣ ሱሪያችን ቤልቦተም፤
ይርዳው የነበርኩትን «ይርጋው» ብለውኛል።
ግድ የለም፤
በዚያ ዘመን ስንቱ በሰው ስም ኖሯል።
ጉተማ ከድራሙ ኋላ ዓይኑን ጨፍኗል፤
ፎቶ አንሺ «አንድ፣ ሁለት» ካለ
ጉተማ ሁሌም ይጨፍናል።

ማጫወቻ የለኝም።
የነበረኝ በሰባ ሰባት ለዱቄት ሄደ፣
ሸክላውም ተከትሎት፣
ተክለሃይማኖት ጀርባ፣ ካሴት ለሚቀዳ ሰውዬ፣ በአሥራ ሁለት ብር።
ወርቅአፈራሁ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ቃል አልጠየቀችኝም፤
ዱቄቱን ተቀብላ ነፋች።

ፍሬዘር አለ ምድር ቤት፣ ዲሽ የሚተክለው፤
ከአሮጌ ዕቃ ተራ ማጫወቻ ለቅሞ የጠገነ።
«ጋሼ፣ እርስዎ? ሮክ?» አለ፣
ዓይኑ ከዘራዬ ላይ።

መርፌው ወረደ።
መጀመሪያ ያ ሹክሹክታ፣ ጤፍ በወንፊት ሲያልፍ ዓይነት፤
ቀጥሎ የእኔ ጊታር፣
በባቲ ቅኝት ገብቶ በእሳት የሚወጣው፣
አምፕሊፋየሩን በርበሬ ወፍጮ ያስመሰለው፣
ባለ ቡና ቤቱ «አንሱልኝ ይሄን በሽታ» ያለን።
ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።
ጣቶቼ ጅማት እንጂ አጥንት አልነበራቸውም።

ከዚያ ሁለተኛው ገጽ፣ ሦስተኛው ዘፈን፣
ጉተማ ብቻውን የሚመታበት፣
ከአባቱ አውድማ ያመጣው ምት፣
በሬ እህል ላይ ሲዞር፣ ሲዞር፣ ሲዞር፣

ቃ!

ዘለለ። አንድ ዙር ዋጠ።

«ተበላሽቷል፤ ይመልሱላቸው» አለ ፍሬዘር።
ሽፋኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ተረጎመልኝ፦
ዋናው ቴፕ ጠፍቷል፤
ከተገኙት ሁሉ ከተሻለው ሸክላ ቀዳነው፤
ለትንሿ ጭረት ይቅርታ።

ይቅርታ አሉ።
ሸክላ ሲሰበር ገል ይባላል፤
ሲጫር ግን ምን ይባላል?

እኔ አውቃታለሁ ያቺን ጭረት።
ጥቅምት ነበር፣ ሰዓት እላፊው ገብቶ፣
መብራት አጥፍተን፣ ድምፁን ከትንፋሽ በታች አውርደን፣
የገዛ ሸክላችንን እንደ ሌባ ስንሰማ
በሩ ተመታ።
እጄ ተወርውሮ መርፌውን ጎተተ፣
እንደ ማረሻ አንድ ትልም አወጣ።
ጉተማ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ተነሳ፤
«ተመልሼ እጨርሰዋለሁ» አለ፣
በአገጩ ሸክላውን እያሳየ።
ከፈትንላቸው።

አንድ ሺህ ቅጂ ታትሟል፣ ይላል ወረቀቱ።
በአንድ ሺህ ቤት፣ እግሬ ባልረገጠው ከተማ፣
በሬ ይመታል፤
ጉተማ ጫማውን ያነሳል።

የዚህ ሰው ነበር።
ይሄ ሕንፃ በአባቱ አውድማ ላይ ነው የቆመው አልልም፤
ግን ከወዲህ ይሁን ከወዲያ፣
ክረምት ላይ ጫማ የሚነጥቀው ይሄው አፈር ነው።
ቱሉ ዲምቱ ማለት ቀይ ኮረብታ መሆኑን
እሱ ነበር የነገረኝ፣
ከተማው እዚህ ድረስ ይመጣል ብሎ ማንም ባላሰበበት ጊዜ።
የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲደርሰኝ
ዘመድ አዝማዱ «ውይ፣ ራቀብህ» አለ።
ዝም አልኩ።

«ድገመው» አልኩት ፍሬዘርን።
ቃ!
«ድገመው።»
ቃ!
ሦስተኛው ላይ፣ በሩ።

እጄ፣ ሰባ ሦስት ዓመቷ፣ ሪህ ያኮማተራት፣
ወደ መርፌው ተወረወረች፤
አየር ላይ ቀረች።

የጥበቃ ሂሳብ የምትሰበስበው ሴትዮ ናት።
ብሯን ቆጥራ፣ ደረሰኙን ቆርጣ፣ አልሄደችም፤
በነጠላ ጫማዋ ጫፍ ምቱን ትከተላለች።
«ማነው እንዲህ የሚመታው?»
«የዚሁ አገር ልጅ ነው» አልኳት፤
«ገና አልጨረሰም።»