አሥራ ሁለተኛው ፊት

ሰኞ ጠዋት ገቡ መምህር ላንቃሞ፣
የሳሙና ካርቶን፣ የሁላ ቀርከሃ ደግሞ
በክንዳቸው አቅፈው።
«መጽሐፉ» አሉን «ኩቡን አስተኝቶታል፤
የተኛን ነገር ማን ዙሮ ያየዋል?»
ሰባ ሁለት ነበርን፣ ሰባተኛ «ሐ»፣
በአንድ ወንበር አራት፣ ክርን ከክርን ጋራ።
ሐይቁ በመስኮት ይሸተናል፣
አባ ኮዳ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ያንኳኳል።

መጀመሪያ ሾጣጣ ሠራን፣
አፉም ቁመቱም እኩል የሆነ ጣሳ ፈለግን።
የሐይቅ ዳር አሸዋ በሾጣጣው ሰፍረን
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን ስንገለብጥ
ጣሳው ጢም አለ፣ አንዲት ፍሬ ሳይረግጥ።
የዓሣ ነጋዴው ልጅ ሐሜሶ
ሚዛን አያምንም፣ ሚዛን ቤታቸው ስላለ።
«ድገሙት» አለ።
ደገምነው። ሦስት።
ራሱ ሰፈረ። ሦስት።
ያን ቀን ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

ኋላ ግን መጣ አሥራ ሁለት ፊት ያለው፣
እያንዳንዱ ፊቱ ጎነ አምስት የሆነው።
ለአሥራ ሁለት ልጅ አሥራ ሁለት ካርቶን፣
በምላጭ ቆረጥን በማስመሪያ ለክተን፤
በዱቄት ሙጫ ስናጣብቀው
ጥግ ጥግ አገኘ፣ ጎን ለጎን ቆመ፤
ለካ ጎን ያለው ቢገፉት አይወድቅም።
አሥራ አንዱ ገጠመ።
አሥራ ሁለተኛው፣ የኔው፣ እምቢ አለ፤
በወዲህ ተርፎ በወዲያ ጎደለ።

«የማን ነው ጥፋቱ?»
ሐሜሶ ወደኔ፣ እኔ ወደ ዳንጊሶ፣
ዳንጊሶ ወደ ማስመሪያው።
መምህር ጎንበስ አሉ፣ ስንጥቁን በጣት ለኩ፤
«የማንም አይደለም፣ የሁላችሁ ነው።
አንዱ ፀጉር አሳጠረ፣ አንዱ ፀጉር አስረዘመ፤
እንዲህ ያለው ዕዳ ሲንከባለል ቆይቶ
መጨረሻ በመጣው ልጅ ላይ ይቆጠራል።»

ማታ አባቴን አየሁት፤ አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ
ጉማሬ የቀደደውን መረብ ይጠግናል።
ቋጠሮው አይጠብቅም።
«ክር ትንፋሽ ይሻል» አለኝ ሳልጠይቀው፣
«አንቀህ ካሰርኸው ዓሣው ሳይሆን አንተ ነህ የምትያዘው።»
(ለወንድ ልጅ እንደሚናገር ነበር የሚናገረኝ።)
ናይለን ክር ለመንሁት፣ የመረቡንም መርፌ።

ሙጫውን ነቀልን፤ ሠላሳውን ጠርዝ ሰፋሁ፣
ጎኑን ከጎኑ ጋር ላላ አድርጌ አሰርሁ፤
ያቺ የፀጉር ስሕተት ለሃያ ጥግ ደርሳ
ለማንም ሳትከብድ ቀረች ተረስታ።
ቆመ።
ጠማማ ነው። ግን ቆመ።
መምህር ከጣሪያው አግዳሚ ሰቀሉት፤
የሐይቁ ነፋስ ሲመጣ ቀስ ብሎ ይዞራል፣
ለአንዱ ፊት ይሰጣል፣ ለአንዱ ፊት ይነሣል።

አሁን ፋብሪካ ነኝ፣ እጅጌ እሰፋለሁ፤
ጠፍጣፋውን ጨርቅ ጠቅልዬ
ለማላውቀው ክንድ ቤት እሠራለሁ።
ትናንት የወንድሜን ካርድ ልቀበል ሄድሁ።
ፕላስቲክ ቅርጾች መጥተዋል አሉ፣ የሚያበሩ፣
ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቆልፈዋል፣ እንዳይሰበሩ።
መምህር ጡረታ ወጥተው ደጋ ገብተዋል።

የኛ ግን አለ።
አቧራ ለብሷል፣ አንድ ፊቱ በዝናብ አብጧል፤
በላላው ስፌቴ በኩል ተርብ ገብታ
ውስጡን ጎነ ስድስት በጎነ ስድስት ሞልታዋለች፣
ማስመሪያ ሳትዋስ፣ ጥፋተኛ ሳትፈልግ።

ወንድሜ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ጣቱን ቀስሮ
ጎኑን ሊቆጥር ሲጠጋ
«ከሩቅ ቁጠር» አልሁት።