የእንቁላል ካርቶን

ጣቢያችን ሁለት ክፍል፣ ከወፍጮ ቤት አጠገብ፣
በጅማ ክረምት ግን ቆርቆሮው ነው ዋናው፣ ዜና የሚያነብ።
እኛማ አፋችንን ይዘን እንጠብቃለን፣
ሲያባራ «እንደምን ዋላችሁ» እንላለን።

ግድግዳው ያስተጋባል፤ ያልከውን መልሶ ይነግርሃል፣
ለስፖንጅ ብር ስንጠይቅ «በጀት የለም» ተብሏል።
እና አንድ ሐሙስ ወደ ሂርማታ ወረድኩ፣
እንቁላል ተራ ገብቼ ከመኪያ አባ ቢያ ፊት ቆምኩ።
«ባዶ ካርቶን አለሽ?»
«ሙሉው እያለልህ ባዶው ምን ሊሠራ?»
«ድምፅ ይይዝልናል፣ ከግድግዳው ጋራ።»
ሳቀች፤ ስትስቅ አፏን በሻሽዋ ጫፍ ትከልላለች፣
«ድምፅም ይሰበራል፣ እንደ እንቁላል?» አለች።
አዎ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።
ያን ቀን አላወቅኩም።

በሦስተኛው ቀን መጣች፣ ሠላሳ ካርቶን በሲባጎ አስራ፣
አስረክባኝ ግን አልሄደችም፤ ቆመች፣ ከበሩ ጋራ።
«ግቢ።» «ጫማዬ ጭቃ ነው።» «ጅማ ላይ የማን ጫማ ደርቆ!»
ገባች፤ ዓይኗ ገመዱን፣ ማይኩን፣ ሁሉን ጠይቆ።
ማዳመጫውን ከሻሹ በላይ ደፋሁላት፣
«በይ እስቲ፣ የሆነ ነገር ተናገሪ» አልኳት።
«ምን ልበል?»
           ብላ ደነገጠች፤ ዞራ ኋላዋን አየች፣
«ይቺ ሴት ማን ነች?»

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ስትናገር ኖራ፣
ለልጅ፣ ለደላላ፣ ለዕድር፣ በወፍጮ ሰልፍ ስትጣራ፣
ከገዛ ድምፅዋ ጋር ተዋውቃ አታውቅም።
«እንዲህ ነኝ እንዴ? ጎርናና ነኝ» አለች፣ «አይከፋም።»

ሐሙስ ሐሙስ የገበያ ዋጋ ታነብ ጀመር፣
ሽንኩርት ይህን ያህል፣ ዝንጅብል፣ አቮካዶ፣ ማር።
በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች፣
ስትሳሳት «ቆይ» ትላለች።
አለቃዬ «ቆይዋን ቁረጣት» አለኝ፤ ቆረጥኩ፣ ሥራዬ ነው፣
ሳል፣ ትንፋሽ፣ ማመንታት፣ እንደ ድንች የምልጠው።
ሰማችው። በነጋታው መጥታ «ያቺ ሴት የት አለች?
"ቆይ" የምትለዋ?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ቢላዬ ደንዟል።

ላበረታታት ብዬ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስላት፣
ተረቱ አናደዳት፦
«በእግሩ ከሄደማ፣ እኔ ምን ልሽጥ ነው?
ደግሞስ ማን ጠየቀው፣ መሄድ ይፈልግ እንደሆነ እሱስ?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

በጥቅምት የውሃው ቢሮ ሰውዬ ስቱዲዮ መጣ፣
ከረባት፣ ፋይል፣ «በመርህ ደረጃ»፤ ኋላ ላቡ ወጣ።
መኪያ ናት የጠየቀችው፣ ወረቀት ሳትይዝ፦
«ውሃ መንደራ የሚመጣው ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ነው፣
እርስዎ ቤት በስንት ነው?»
ሰባት ሴኮንድ ሙሉ ዝምታ አየር ላይ ተላለፈ፣
ከቦዬ እስከ ጅሬን፣ በየባጃጁ፣ በየልብስ ሰፊው መኪና ላይ አረፈ።
አልቆረጥኩትም።

ውሃው ቀን ቀን መጣ አልልም፤ አሁን በአሥራ አንድ ነው፣
እድገታችን በሰዓት ሲለካ ሁለት ነው።
ግን በማግስቱ ከበራችን ሦስት ሰው ቆሞ ጠበቀኝ፣
አንዱ በርጩማ ጠራቢ፣ «ስለ ዋንዛ እንጨት የምለው አለኝ»፣
አንዷ ጡረታ የወጣች ነርስ፣
አላማከረችኝም፤ ገብታ ተቀመጠች፣ ማይኩ ፊት እስክትደርስ።
ሦስተኛው ነጂብ ነው፣ ባጃጅ ነጂ፣ አንደበቱ የሚይዘው፣
ሰላም ለማለት እንኳ ግማሽ ደቂቃ የሚወስደው።
«የ... የሚቆረጥ ነገር አለ?»
«የለም» አልኩት። ግድግዳውን አየ፤
ሠላሳ ካርቶን በሠላሳ ጉድጓድ፣ ባዶውን ቆጥሮ ቆየ።

ትናንት ተራው ደረሰ። ቀይ መብራቷ በራች፣
«ስ... ስሜ ነ...» ሲል፣ ሰማይ ተቀደደች።
ቆርቆሮው ዜናውን ያዘ። ነጂብ ማይኩን አልለቀቀም፣
እኔም መብራቷን አላጠፋሁም።
በሕይወቱ አንዴ፣ ሰው ሁሉ ሲጠብቅ፣
ያዘገየው እሱ አይደለም፤ ዝናብ ነው፤ ይህንንም ያውቃል፤ አየሁት ፈገግ ሲል፣ ሲስቅ።

አባራ።
«...ጂብ» አለ።