ባለቤቱና አጥሩ

ፒያኖ ቃኚ ነኝ፣ ዝናብ በሚያድርባት በቤርገን ከተማ፣
ሥራዬ መስማት ነው፤ ሌላው የማይሰማው ክር ሲያቃስት ልሰማ።
ዕድሜዬ ስድሳ አንድ፤ ጆሮዬ ግን ገና አላረጀም፣
ከጩኸት በስተቀር የሚፈራው የለም።

ለዚህ ነው ቬልታን የገዛሁት፣ የዛሬ አምስት ዓመት፣
ያለኝን አራግፌ፣ የባንክ ብድር ጨምሬበት።
አያጓራም። አይስልም። በፊዮርዱ ዳር ስነዳ
ከአንዱ ቤት ይዣት የወጣሁት የመጨረሻዋ ድምፅ
ጆሮዬ ውስጥ ትቀመጥ ነበር፣ እንደ ጨዋ እንግዳ።

ጎረቤቴ ኡድቢዮርግ፣ ጡረታ የወጣችው የመርከብ አብሳይ፣
በመስኮት ብቅ ብላ “ለሰማይ አሳቢው!” ትለኝ ነበር መኪናዬን ስታይ።
ደስ ይለኝ ነበር። አልዋሽም።

ከዚያ ሰውየው አፉን ከፈተ፤
የቬልታ ባለቤት፣ ከባሕር ማዶ፣ ከመስታወት ፎቅ ላይ ያለው።
መጀመሪያ ቀልድ መሰለን፤ ሳቅንለት።
ቀጥሎ ስደተኛውን ሰደበ፣ ቀጥሎ የገዛ ሠራተኛውን፣
ሌሊት የተናገረውን ጠዋት ደገመው፣ አጠንክሮ ቃሉን።
ካፍ የወጣው አፋፍ ሆነ፤ አፋፉ ላይ የቆምነው ግን እኛ ነን፣
እርሱ በሰላም አደረ፣ እኛ ተንከባለልን።
ይህ ነው የሚገርመኝ፣ ሌት እየነቃሁ፦
ዝምታን የሸጠልኝ ሰው ዝም ማለት ሲያቅተው አየሁ።

አስላክን አገኘሁት፣ ያን የሸጠልኝን ልጅ፤
ድሮ ወረፋ ነበር፣ ቀን ተቆጥሮ፣ ከጠረጴዛው እስከ ደጅ።
አሁን መስታወት ይወለውላል፣ የጠራውን ደጋግሞ፣
“ባትሪው ተሻሽሏል” አለኝ፣ ሳልጠይቀው፣ ቀድሞ።
“ብሸጠውስ?”
“ግማሹን ታገኛለህ። ግማሹን ወሬ በልቶታል።”
ድምፁን ዝቅ አደረገ፤
“እኔንም በአውቶቡስ የማያውቀኝ ሰው ‘የርሱ ሎሌ’ ይለኛል።”

የልጄ ልጅ ሲኖቫ አልተቆጣችም፣ አላኮረፈችም፤
“ከትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ ቀድመህ አውርደኝ” አለች፤
ዣንጥላ አልያዘችም።

በመጋቢት አንድ ሌሊት፣ በሚስማር፣ ከፊት በር እስከ ኋላ
አንድ ሰው መስመር አሰመረበት፤
አምስት ቢያሰምር ዜማ በጻፍኩበት።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤
ይሁን። ንቀውታል። መናቅም ይገባው።
ግን አጥሩ የቆመው የት ነው? ከኔ ደጅ ነው፣
ሲነቀነቅም ባለቤቱ አልሰማ፤ የሰማሁት እኔ ነኝ፣
ለመስማት የተፈጠርኩት፣ እንቅልፍ የነሳኝ።

እሑድ ማታ ጋራዥ ገባሁ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ የጥርስ ክር ይዤ፣
ምልክቱን ፈለቀቅሁት፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ፈዝዤ።
ስሙ ተነሣ። ቅርጹ ቀረ።
አምስት ዓመት ፀሐይ ያልነካው ቀለም ከዳር ዳር አበራ፣
ከተጻፈው ይልቅ የተፋቀው ስም ጎልቶ ተጠራ።

የፒያኖ አንዲት ድምፅ ሦስት ክር አላት፤
አንዱ ከላላ ሰው “ክሩ ላላ” አይልም፣ “ፒያኖው ተበላሸ” ይላል፣
እንጨቱን የጠረበው፣ ጣቱን ያሳረፈውም ሳይቀር ይታማል።
ለክር መፍቻ አለኝ፤ በኪሴ ነው፣ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ያረጀ፤
ለዚያ አፍ ግን መቃኛ ማንም አላበጀ።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ዝናቡ ብቻ ይስማኝ፦
ስሙ ክብር ሲያመጣ የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም፤
ወሰድሁ። ለበስሁ። አጌጥሁበት።
ዛሬ ዕዳው ሲመጣ “እኔ አይደለሁም” እላለሁ፤
ማነው ታዲያ በመስኮት ሲመሰገን የነበረው?

ማክሰኞ ንጋት ላይ ኡድቢዮርግ በሬን አንኳኳች፤
ዓይኗን ልትቀደድ ቀጠሮ አለባት፣ አውቶቡሱ አልመጣም።
የተፋቀውን ስም አየችው። በሩ ላይ ያለውን ጭረት በጣቷ ተከተለች።
ከዚያ ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች።
ስለ እርሱ አላወራንም።
እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ጎማው ጠጠር ሲረግጥ አዳመጥን፤
“ይህ ነገር ግን” አለች ስትወርድ፣ “ጸጥ ማለቱስ ጸጥ ይላል።”