አሥራ አንድ ዓመት ያረፈ

ኡላንባታር፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
ኮንቴይነር ነው ጋራዤ፣ ጥጉ ላይ ከሰል የሚነድ።
ሉቭሳንዳሽ ገቡ፣ ጢማቸው አመዳይ፣
ሰላምታቸው ለእኔ፣ እጃቸው እሳቱ ላይ።

«ኻንድማ» አሉኝ፣ «ታክሲዬን እይልኝ፣ በፊት ጎማ በኩል፣
ታጉረመርማለች፤ ወፍጮ የዋጠች ይመስል።»

ፍሬኑ ነው አልኳቸው። ሳቁ ሽማግሌው፦
«የሃይብሪድ ፍሬን ደግሞ ሥራው ምንድነው?
አሥራ አንድ ዓመት ነዳኋት፣ ሸራ ቀይሬ አላውቅም፤
እግሬን ሳሳርፍ ሞተሩ ይይዛታል፣ ብረት ብረት አይነካም።
ፍጥነቷን መልሳ ትጠጣለች፣
ቁልቁለት ስትወርድ ባትሪዋ ይጠግባል፣
ሌላው መኪና ሲከሳ እሷ ትወፍራለች።»

እውነት ነው።
ግማሹ።

ቁልፏን ተቀብዬ ከሩቅ ሚስማር ላይ ሰቀልኩ፣
«በሩን ማንም እንዳይነካ» አልኩ።
(ይች ዓይነቷ በር ሲከፈት ትነቃለች፣
ሳይነግሯት የፍሬን ፓምፗን ታስነሳለች።
ተለማማጅ ነበረኝ፣ ተሙር የሚባል፤
ጣቱ ካሊፐር ውስጥ እያለ በር ከፈቱበት፤
ያ ጥፍሩ እስከ ዛሬ ጠማማ ሆኖ ይበቅላል።)

በክሪክ አነሳኋት። አራቱ ዳዶ እሺ፣ አምስተኛው እምቢ አለ፤
በመዶሻ አባበልኩት፣ እያጉረመረመ ተነቀለ።

የውጪው ሸራ ወፍራም ነው፣ ትናንት ከካርቶኑ የወጣ።
የውስጡ ግን የለም።
ቆርቆሮው ብቻ ቀርቶ ዲስኩን ሲፍቅ፣
ቦይ ቆፍሮበታል፣ ጣት የሚያስደብቅ።
ፒኑ ከቤቱ ጋር በዝገት ተጣብቆ፣
ሊንሸራተት ሲገባው ባለበት ደርቆ፣
አንዱ ወንድም ሲተኛ፣ አንዱ ሳይታዘዝ ሲታከክ ኖሮ፣ አልቆ።

«እንዴት?» አሉ። «ረግጬው አላውቅም እኮ!»
«ስለማይረግጡት ነዋ።
ሥራ የፈታን ብረት ዝገት ይቀጥረዋል፤
መንገድ ላይ የሚረጩት ጨው ደመወዝ ይከፍለዋል።»

ዝም አሉ። ከሰሉ ተሰነጠቀ።

«ማክሰኞ ዕለት» አሉ፣ «ከትምህርት ቤቱ ቁልቁለት፣
አንዲት ልጅ ብቅ አለች፣ በረዶ ላይ ተቀምጣ በላስቲክ ስትንሸራተት።
ያን ጊዜ ሞተሩ አልበቃኝም።
እስከ ወለሉ ረገጥኩ።
መኪናዋ ወደ ግራ ጎተተችኝ፣ ጮኸች፣ ቆመች።
ቀይ ኮፍያ ነበራት። በእኔና በኮፍያው መሃል ይህ ነበር»
መዳፋቸውን ዘረጉ።
«ልጅቷ ጓንቷን አንስታ ሄደች።
እኔ ግን እስካሁን እዚያው ቆሜያለሁ።»

ምን ይባላል? ምንም አላልኩም።
ፒኑን በሻማ እሳት አሙቄ አወጣሁ፣
በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁ፣ ግሪስ ቀባሁ፣
ለፍሬን የተሠራውን፣ ሙቀት የማያቀልጠውን፤
ፒስተኑን በዝግታ ገፋሁ፣ ዘይቱ እንዳይገነፍል እያየሁ።
ዲስክም ሸራም አዲስ፣ በቀኙም በግራውም፤
አንድ ወገን ብቻ ቢቀይሩ፣ ፍሬን አድልዎ አይወድም።

«በሳምንት አንድ ቀን» አልኳቸው፣ «ሰው የሌለበት ሜዳ ይፈልጉ፣
ማርሹን ባዶ አድርገው ይርገጡት።
ያኔ ሞተሩ ጣልቃ አይገባም። ብረቱ ከብረቱ ይገናኝ፣
ይሙቅ፣ ዝገቱን ያራግፍ፤
የክፉ ቀን ሲጠሩት
ስሙን ረስቶ እንዳይጠብቅዎት።»

ከፈሉ። መልስ አልተቀበሉም።
አሮጌዎቹን ሸራዎች ልጥል ሳነሳ፣ «ቆይ» አሉኝ፤
ያለቀውን መርጠው፣ አመዱን በእጅጌያቸው ጠርገው፣
ከበግ ቆዳ ካባቸው ውስጥ፣ ከደረታቸው አጠገብ ከተቱት።
ወጡ። ዳገቱ ላይ ድምፅ አልነበራትም።

ወፍራሙ እኔ ጋ ቀረ።
ነፋስ በነሳ ቁጥር የጋራዤ በር ይላተም ነበር፤
አሁን ከሥሩ ሸጉጬዋለሁ፣
ይዟል።