አንድ ስንዝር ጥለት

ራንቱል በቆሎ ነው ከዳር እስከ ዳር፣
አውሮፕላን የሌለው የአውሮፕላን ሰፈር፤
ጦሩ ለቆ ወጥቶ፣ ማኮብኮቢያው ላይ
ሣር የበቀለበት፣ ሜዳና ሰማይ።

እናቴ ሶምጂን፣ ከሣር ማጨጃው ጎን፣
ጋራዡ ውስጥ ሆና ታስረዋለች ማጉን።
አባቴ ከአሮጌ ሳጥን ጣውላ ገጥሞ
የሠራላት ዕቃ ከፊቷ ቆሞ።

«‹ማት› ማለት ማሰር ነው፣ ‹ሚ› ማለት ፈትሉ።
ሌላው ሸምኖ ያያል፤ የእኛ ግን ምስሉ
ከመሸመን በፊት ማጉ ላይ ተቋጥሮ
ይጠብቃል» አለችኝ፤ «ይጠብቃል አድሮ።»

ቀይ ውስጥ ትነክራለች፤ የታሰረው ብቻ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤
ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች፣ ጣቷ ይሰነጠቃል።
«በመንደራችን ማትሚ ማሰር የማታውቅ ልጅ
ለባል አልደረሰችም ይባላል። ወረቀት የለው፣ ንድፍ የለው፤
እናቴ ጣቴን ተመልከች ነው ያለችኝ።»
ስንት ቋጠሮ ነው? አልኳት።
«የቆጠረ አይጨርስም» ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ዘንዶው ናጋ ይባላል። የሜኮንግ ጌታ ነው።
በቾናቦት ዝናብ ሲዘገይ የሚለመነው እሱ ነው።
ጠርዙ ቁርጥ አይልም፤ ቀለሙ ከክር ክር ይፈሳል፣
ውሃ ውስጥ እንዳለ ገላ፣ ሊያዝ ሲል ይደፈርሳል።
ያን ዘንዶ ራሷ ሸምና በሠርጓ ቀን ታጠቀችው፤
ከሁለት ፎቶና ከአንድ ማበጠሪያ ጋር
በሻንጣ ውቅያኖስ አሻገረችው።

ወንድሜ ቲራ ወደ ኢራቅ ሊዘምት ሲል
መቀስ አነሳች።
ከሽርጧ ጫፍ፣ ከዘንዶው ጅራት፣ አንድ ስንዝር ቆረጠች።
እኔ ጮኽኩ፤ ሐሩን ለራሴ ሠርግ ቆጥሬው ነበር።
«የእናት ሽርጥ ጫፍ ነው» አለች፣ «ዕድሜውን አፈር ሲጠርግ የኖረ።
ከሁሉ በታች ስለዋለ ጥይት አያየውም።
ለወታደር ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ክታብ የለም።»

በቀጣዩ መኸር ተመለሰ፤ ጢም አውጥቶ፣ እንቅልፍ አጥቶ።
«ስንዝሯስ?» አለችው።
«ሰጠኋት። ዌድ ለሚባል የነብራስካ ልጅ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ።
ሌሊት ሌሊት ጥርሱ ይፋጭ ነበር።
እናቱ ሽርጥ የላትም፤ ሱሪ ነው የምትለብሰው።»

ዌድ አልተመለሰም።
እናቴ አንዱን ሳህን ሁለቴ አጠበችው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ ፒክአፕ በራችን ላይ ቆመ።
ማርሊስ ትባላለች። ዘጠኝ ሰዓት ነድታ መጥታለች።
ግንብ የምታህል ሴት ናት፤ ፖስታው ግን እጇ ላይ ይንቀጠቀጣል።
«ከልጄ ዕቃ ጋር መጣልኝ፤ ምንነቱን አላወቅሁም፤
በፈላ ውሃ አጠብኩት። ይቅር በሉኝ።»

እናቴ ሽርጡን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች፤
ጅራቱን ከጎደለው ሥፍራ አስጠጋች።
ስንዝሯ ተኮማትራለች። ቀዩ ወይቧል።
ዘንዶው ከጅራቱ በአንድ ጣት ይሳሳታል።
«አበላሸሁት» አለች ማርሊስ፣ ተናንቋት።
«ማትሚ መቼ ገጥሞ ያውቃል!» አለች እናቴ፤
«የሚገጥም ከፈለግሽ ሱቁ ሞልቷል።»
ከዚያ ስንዝሯን አጣጥፋ
ማርሊስ መዳፍ ውስጥ አኖረቻት፤
ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘጋቻቸው፣
ቋጠሮ እንደምታስር።

ከዓመታት በኋላ ተዳርኩ። ጅራት የሌለውን ዘንዶ ታጠቅሁ።
በግንቦት ፀሐይ፣ ከቀኝ ቁርጭምጭሚቴ በላይ፣
ስንዝር የምታህል ነፋስ ትገባ ነበር።
ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማርሊስ ተቀምጣለች፤
ለመጀመሪያ ጊዜ በቀሚስ አየኋት፤
ግራ እጇ እንደተጨበጠ።